የአባባ መጽሐፍ ለምን ሁለቴ ታተመ

ካርቶኑን የከፈትኩት እዚያው ማተሚያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። ቤት እስክደርስ መታገስ አልቻልኩም። ስድሳ ኮፒ። ሽፋኑ ላይ አባባ በወጣትነቱ፣ ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ከጥቁር ሰሌዳ አጠገብ ቆሟል። አንዱን አንስቼ ገለጥኩ። «ምዕራፍ አንድ» መሆን የነበረበት ቦታ ላይ የላቲን ፊደል፣ የዶላር ምልክት፣ ቅንፍና ኮከብ ተዘርግፏል። ሁለተኛውን ምዕራፍ ገለጥኩ። ያው ነው። ማውጫው የሞጣ ታሪክ ገጽ 31 ላይ ነው ይላል፤ ገጽ 31 ላይ ያለው ግን የእማማ ሰርግ ነው። ከፎቶዎቹ ስር የጻፍኳቸው መግለጫዎችም ፎቷቸውን ጥለው ወደሚቀጥለው ገጽ ተሻግረዋል።

የማተሚያ ቤቱን ልጅ ጠራሁት። «እህቴ፣ እኛ እኮ የሰጡንን ነው ያተምነው» አለኝ። ምን ልበለው? እውነቱን ነው።

ቀኑ ጥር 4 ቀን 2016 ነበር። አባባ 80 ዓመት የሚሞላው ጥር 21፣ በአስተርዮ ማርያም ነው። መካከል ላይ ጥምቀት አለ፤ የከተራ ሰሞን ደግሞ ማን ሥራ ይሠራልሃል? 18 ሺህ ብሬ ካርቶን ውስጥ ተኝቷል። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ዛሬ ሳስበው ያሳቀኛል፤ ያን ቀን ግን ሳቅ የሚባል ነገር አልነበረም።

ይህን የምጽፈው የመመረቂያ ጽሑፉን፣ የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ፣ ወይም እንደኔ የወላጁን ታሪክ ቤቱ ቁጭ ብሎ በወርድ ጽፎ «አሁን ወደ ፒዲኤፍ ልቀይረው» ለሚል ሰው ነው። ነገሩ አንድ ቁልፍ የመጫን ጉዳይ ይመስላል። ቁልፉ አንድ ነው፣ ልክ ነው። ከቁልፉ በፊት ያለው ነው ጉዱ።

ጽሑፉ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ፤ ጥፋቴ ከዚያ ይጀምራልና። አባባ መምህር ነበር። ሞጣ፣ ሐይቅ፣ ደሴ እየተዘዋወረ አስተምሯል። ያየውንና የሰማውን በአራት ደብተር ጽፎ አስቀምጧል። የመጀመሪያውን ደብተር ታላቅ ወንድሜ በ1994 ዓ.ም. ገደማ ፒያሳ አካባቢ ጽሕፈት ቤት አስጽፎት ነበር። ያ ፋይል ከፍሎፒ ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ ኖሮ እኔ ላፕቶፕ ላይ ደረሰ። የቀሩትን ሦስት ደብተሮች እኔ ራሴ ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ፣ ማታ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ጻፍኳቸው። የድሮውን ከአዲሱ ቀጠልኩት። ለምዕራፍ ርዕሶች ደግሞ ወንድሜ ድሮ ከጫነልኝ ፎንቶች (የፊደል ቅርጾች) መካከል ጌጠኛውን፣ የብራና ጽሑፍ የሚመስለውን መረጥኩ። እኔ ስክሪን ላይ ሁሉም ያምር ነበር። 92 ገጽ። ፋይሉን በፍላሽ ይዤ ሄድኩ፣ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ገለበጥን፣ ቀብድ ከፈልኩ፣ ወጣሁ። ናሙና ገጽ አትመው እንዲያሳዩኝ አልጠየቅኩም። ልጁ «ናሙና ይፈልጋሉ?» ሲለኝ «አይ፣ አይቼዋለሁ» ያልኩት እኔ ነኝ። አይቼዋለሁ! የት? እኔ ላፕቶፕ ላይ።

ያን ማታ የወንድሜ ልጅ መጣ። ኮምፒውተር ነው የሚማረው። አንዱን መጽሐፍ ገለጥ ገለጥ አደረገና «እቴቴ፣ ወርድ ፋይሉን ነው የሰጠሻቸው?» አለኝ። አዎ አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ።

እሱ እንዳስረዳኝ፣ ወርድ ፋይል በተለመደው አሠራሩ ፎንቱን ይዞ አይሄድም። የፎንቱን ስም ብቻ ነው የሚይዘው። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት «እገሌ የሚባለውን ፎንት አምጣ» ይላል። ካለ ጥሩ። ከሌለ ኮምፒውተሩ የራሱን ይተካል። ለሰው «ለእሁድ ዶሮ ወጥ ይሠራ» ብሎ ወረቀት እንደመላክ ነው። ዶሮ ወጥ ይሠራል፤ በርበሬው ግን የዚያ ቤት ነው። እኔ የጻፍኩበት ፎንት ማተሚያ ቤቱ ጋ አልነበረም። በምትኩ የገባው ፎንት ፊደሉ ሰፋ ይላል። ፊደሉ ሲሰፋ መስመሩ ይረዝማል፣ መስመሩ ሲረዝም አንቀጹ ይወርዳል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ 92 ገጽ 101 ሆነ። በእጄ የጻፍኩት ማውጫ ግን ባለበት ቀረ።

ፒዲኤፍ ደግሞ አገልግል ነው። እንጀራውም ወጡም እዚሁ ቤት ታሽጎበት ይሄዳል። ጎንደርም ይከፈት ቨርጂንያ፣ የሚበላው የኛ ቤት ወጥ ነው። ፎንቱ፣ ፎቶው፣ የገጹ መጠን፣ ሁሉም ውስጡ ገብቶ ይቆለፋል። አዶቢ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ይህን ዓይነት ፋይል ያወጣውም ለዚሁ ነው፤ አንድ ሰነድ የትም ይከፈት የት መልኩ እንዳይለወጥ። ከ2008 ጀምሮ ደግሞ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኗል፤ ማንም የሶፍትዌር ሠሪ ይጠቀምበታል።

እሺ፣ ወደ ፒዲኤፍ እንቀይረው አልኩ። ልጁ ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ ግን እስኪነጋ መጠበቅ ከበደኝ። ኢንተርኔት ላይ ገብቼ «ፋይልዎን እዚህ ይጣሉ፣ ፒዲኤፍ ይውሰዱ» ከሚሉት ነፃ ድረ ገጾች አንዱ ላይ ጫንኩት። በደቂቃ ውስጥ ፒዲኤፍ ሆኖ ወረደልኝ። ከፈትኩት። ርዕሶቹ እንደገና ዶላርና ኮከብ። ለካ የድረ ገጹም ኮምፒውተር «ሌላ ኮምፒውተር» ነው! የኔ ፎንት እሱም ጋ የለም።

ሌላው ጥፋቴ ሲነጋ ነው የገባኝ። ከመጽሐፉ መጨረሻ የአባባን የድሮ መታወቂያ፣ የሹመት ደብዳቤና የቤቱን ካርታ ስካን አድርጌ ለጥፌ ነበር። ያንን ሁሉ የማላውቀው ሰው ኮምፒውተር ላይ አኑሬ ተኛሁ። ምንም የደረሰ ጉዳት የለም። ግን ለምን? ወርድ ውስጥ ያለውን ነገር ፍለጋ ለምን ውጭ እሄዳለሁ? መታወቂያ፣ የባንክ ወረቀት፣ የሕክምና ማስረጃ ያለበትን ፋይል እባካችሁ እንዲህ ያለ ቦታ አትጫኑ። ከ2010 እትም ወዲህ ያለ ማንኛውም ወርድ ራሱ ፒዲኤፍ ያወጣል። ወርድ የሌለው ሰው ሊብሬ ኦፊስን በነፃ ጭኖ ከሱ ማውጣት ይችላል። ብቻ በአንዱ የጻፋችሁትን በሌላው ከፍታችሁ አትቀይሩ። በጻፋችሁበት ፕሮግራም፣ በጻፋችሁበት ኮምፒውተር ቀይሩት።

ወርድ ላይ መንገዱ እንዲህ ነው። ፋይል የሚለውን፣ ቀጥሎ «ሴቭ አዝ» ትላላችሁ። ከታች የፋይሉን ዓይነት ከሚመርጠው ዝርዝር ፒዲኤፍን ትመርጣላችሁ። ይሄኔ ሁለት ምርጫ ብቅ ይላል፤ «ስታንዳርድ» እና «ሚኒመም ሳይዝ»። የሚታተም ነገር ከሆነ ስታንዳርድ ነው። ሁለተኛው ፋይሉን ለማሳነስ ፎቶውን ይጨፈልቀዋል። አጠገቡ «ኦፕሽንስ» የሚል ቁልፍ አለ፤ ብዙ ሰው አይነካውም። ንኩት። እዚያ ውስጥ ርዕሶችን ዕልባት የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ አንባቢው ከጎን የምዕራፎቹን ዝርዝር አይቶ እየነካ እንዲዘል ያደርገዋል። ይህ የሚሠራው ግን ርዕሶቹን በወርድ የርዕስ ስታይል («ሄዲንግ» በሚለው) ከሠራችኋቸው ነው። እኔ እንዳደረግኩት ፊደሉን አጉልቶና አድምቆ ብቻ መተው አይሆንም። እዚያው «ፒዲኤፍ ኤ» የሚል የማኅደር ዓይነትም ታገኛላችሁ። ለረጅም ዘመን እንዲቀመጥ የታሰበ ነው፤ ፎንቶች ሁሉ የግድ ውስጡ መግባት አለባቸው። እኔ የመረጥኩት እሱን ነው።

አሁን ያወጣሁት ፒዲኤፍ ርዕሶቹ ልክ ናቸው። ተመስገን አልኩ። ቶሎ ነው ያመሰገንኩት። የወንድሜ ልጅ በስልክ «አጉልተሽ እይው» አለኝ። 400 በመቶ አጎላሁት። ተራው ጽሑፍ ጠርዙ እንደ ምላጭ ጥርት ያለ ነው። ርዕሶቹ ግን ጠርዛቸው የተሸረፈ፣ የተሰነጣጠቀ ሆነ። «አክሮባት ሪደር ላይ ኮንትሮልንና ዲን አብረሽ ተጫኚ፣ ፎንትስ የሚለውን እይ» አለኝ። ዝርዝር ወጣ። ጽሑፉ የተጻፈባቸው ፎንቶች ተራ በተራ ተቀምጠው አጠገባቸው «ኢምቤድድ ሰብሴት» ይላል፤ ውስጡ ገብተዋል ማለት ነው። ጌጠኛው ፎንቴ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። አንዳንድ ፎንት ሠሪው ወደ ሌላ ፋይል እንዳይገባ ይከለክለዋል። ወርድ ያን ሲያይ ፊደሉን ትቶ ሥዕሉን ብቻ ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል። ለዚያ ነው የተሸረፈው።

እልህ ይዞኝ ነበር፤ ፎንቱን በጣም ወድጄዋለሁ። በመጨረሻ ተውኩት። አስራ አንዱን ርዕስ አጥፍቼ በ«አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል» ድጋሚ ጻፍኳቸው። ነፃ ፎንት ነው፣ ፋይል ውስጥ መግባትም አይከለከልም። እንደ ብራናው ባያምርም አያሳፍርም። የፎንቱን ዝርዝር ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ፒዲኤፍ ባወጣችሁ ቁጥር እዩት። እኔ ስድሳ መጽሐፍ ከፍዬበታለሁ።

በዚያው ሰሞን የአማርኛ ሥርዓተ ነጥቤንም አጸዳሁ። ግማሹ ቦታ አራት ነጥቡን ሁለት ነጥብ በሁለት ነጥብ ደርቤ ነበር የጻፍኩት፤ ሌላው ቦታ ላይ ደግሞ ከአራት ነጥቡ በፊት ክፍተት ትቼ አራት ነጥቧ ብቻዋን ወርዳ መስመር ትጀምራለች። ሁለቱንም በ«ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ» በአንድ ጊዜ አስተካከልኩ። መብራት ሄዶ ላፕቶፑ ሲዘጋብኝ የስድስት ገጽ እርማት በልቶብኛል፤ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። ወርድ ራሱ የሚያስቀምጠው በየአስር ደቂቃው ነው። እኔ ወደ ሁለት ደቂቃ አውርጄዋለሁ።

ከጥምቀት በፊት ባለው ቀን ፒዲኤፉን ይዤ ማተሚያ ቤት ተመለስኩ። ያው ልጅ ነው። አዘነልኝ መሰለኝ፣ አንድ ሐሳብ ሰጠኝ። «በኤ4 ከምናትመው በኤ5 ብናደርገው መጽሐፍ መጽሐፍ ይሸታል፣ ዋጋውም ይወርዳል።» እውነት ነው፣ ኤ5 የኤ4 ግማሽ ነው፤ 148 በ210 ሚሊ ሜትር። እሺ አልኩ። በዚህ ጊዜ ግን «መጀመሪያ አምስት ገጽ አትምልኝ» አልኩት። ተማርኩ አይደል?

ያን አምስት ገጽ ይዤ አባባ ጋ ሄድኩ። መነጽሩን አደረገ። ወረቀቱን አራቀው፣ አቀረበው፣ ወደ መስኮቱ ዞረ። መነጽሩን አወለቀና በነጠላው ጠረገው። መልሶ አደረገው።

«ይሄ ለጉንዳን ነው እንዴ የተጻፈው?» አለኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። እኔ የጻፍኩት በኤ4 ገጽ፣ በ12 ነጥብ ፊደል ነው። ፒዲኤፍ ተቆልፏል፤ ገጹን ስታሳንሰው ጽሑፉ እንደ ወርድ ፋይል ራሱን አያደላድልም፣ እንዳለ እንደ ፎቶ ይጠባል። ኤ4 ወደ ኤ5 ሲወርድ ስፋትና ቁመቱ ወደ 71 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። 12 የነበረው ፊደል 8.5 ሆነ ማለት ነው። የግዕዝ ፊደል ደግሞ በዚህ መጠን አይነበብም፤ የካዕቡና የሣልሱ ቅጥያ ይጠፋል፣ «ሉ» እና «ሊ» ይምታታሉ። ከፒዲኤፍ በፊት፣ እንዲያውም ከመጀመሪያው ገጽ በፊት «ይሄ ነገር በመጨረሻ በምን መጠን ወረቀት ላይ ነው የሚያርፈው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ወርድ ላይ የገጽ መጠን ውስጥ አስገቡና ከዚያ ጻፉ።

እኔ በጥምቀት ቀን፣ ሰው ሁሉ ጃንሜዳ ሲሆን፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ገጹን ወደ ኤ5 ቀየርኩት። ፊደሉን 11 አደረግኩ። 92 የነበረው 166 ገጽ ሆነ። ማውጫውን በእጄ መጻፍ ትቼ ወርድ ራሱ እንዲሠራው አደረግኩ፤ ርዕሶቹን በርዕስ ስታይል ስለሠራኋቸው ቀላል ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ወርድ የሠራው ማውጫ ጽሑፉን ባስተካከላችሁ ቁጥር ራሱን አያርምም። ፒዲኤፍ ከማውጣታችሁ በፊት ኮንትሮልና ኤ (A) ተጭናችሁ ሁሉንም መምረጥ፣ ከዚያ ኤፍ 9ን መጫን አለባችሁ። ያን ካልጫናችሁ ያለፈው ሳምንት የገጽ ቁጥር ነው የሚቆለፍባችሁ። ሁሉንም የሚመርጠው ኤ (A) ነው እንጂ ኤን (N) አይደለም። ኤን (N) አዲስ ባዶ ሰነድ ይከፍታል፤ እኔም ያን ቀን ተምታቶብኝ «ጽሑፌ ጠፋ!» ብዬ ጮኼ ልጆቼን አስደንግጫለሁ።

ፎቶዎቹ ሌላ ራስ ምታት ነበሩ። ግማሾቹን የላኩልኝ ዘመዶች በቴሌግራም ነው፣ ያውም እንደ ፎቶ። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ስትልኩት ያሳንሰዋል፤ እንደ ፋይል ስትልኩት ግን አይነካውም። በላዩ ላይ ወርድ ራሱ ሴቭ ሲያደርግ ፎቶዎችን በተለመደው አሠራሩ ወደ 220 ነጥብ በኢንች ያወርዳል። ለማተሚያ የሚፈለገው 300 ነው። ወርድ ላይ ፋይል ከሚለው ስር ባለው «ኦፕሽንስ» ውስጥ (ፒዲኤፍ ስናወጣ ከነካነው የተለየ ነው)፣ «አድቫንስድ» በሚለው ስር፣ ፎቶ እንዳይጨመቅ የሚያደርግ ሳጥን አለ፤ እሱን ምልክት አድርጉበት። ግን ይህን ፎቶ ከማስገባታችሁ በፊት አድርጉት። የተጨመቀውን መልሶ የሚነፋው የለም። እኔ አስራ አራት ፎቶ ድጋሚ ስካን አስደርጌያለሁ። የእማማን የሰርግ ፎቶ ካልበሙ ላይ ለማላቀቅ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል፤ ሙጫው ከፎቶው ጋር አርጅቶ ተጣብቋል።

ፎቶው ሲጠራ ፋይሉ ከበደ። 48 ሜጋባይት ሆነ። ጂሜይል ከ25 በላይ አያያይዝም። ለማተሚያ ቤቱ በፍላሽ ወሰድኩት፤ ለቨርጂንያዋ እህቴ ግን «ሚኒመም ሳይዝ» በሚለው ሌላ፣ ቀለል ያለ አወጣሁላት። ለማንበብ ያ ይበቃል። ሁለት ፒዲኤፍ ይኑራችሁ፤ አንዱ ለወረቀት፣ አንዱ ለስልክ።

አንድ ጥፋት ብቻ ቀረኝ፤ እሱን ገና አልተማርኩትም ነበር። ፎልደሬ ውስጥ «የአባባ የመጨረሻ»፣ «የአባባ የመጨረሻ የታረመ» እና «በቃ ይሄው ነው» የሚባሉ ፋይሎች ነበሩ። ወርዱ ላይ የአያቴን ስም አርሜ፣ ፒዲኤፉን ሳላድስ፣ የድሮውን ፍላሽ ላይ ጫንኩ። ወርዱ ስለታረመ ፒዲኤፉም የታረመ መስሎኝ ነው። አይታረምም። ያ ፎቶ ነው፤ ጸጉራችሁን ብትቆረጡ ያለፈው ዓመት ፎቶ አይቆረጥም። ጉዱን ያየሁት ማተሚያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ናሙናውን ሳይ ነው። ሮጬ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ የፋይል ስም ላይ ቀንና ሰዓት እጽፋለሁ፣ አዲስ ሲወጣ አሮጌውን እሰርዛለሁ።

መጽሐፉ ጥር 19 ደረሰ። 60 ኮፒ፣ 166 ገጽ፣ ርዕሱ ርዕስ፣ ማውጫው ማውጫ። ስለ በዓሉ ብዙ አልልም። አባባ አንዱን ኮፒ ከጉልበቱ ላይ ሳያወርድ ዋለ።

ታሪኩ እዚህ ያልቃል ብዬ ነበር። እህቴ ከቨርጂንያ ደወለች። እዚያ የሚሸጠው ወረቀት ኤ4 አይደለም፤ ሌተር የሚሉት ነው። 216 በ279 ሚሊ ሜትር። ከኤ4 ሰፋ ይላል፣ ቁመቱ ግን በ18 ሚሊ ሜትር ያጥራል። እሷ ከሁሉ በፊት የላኩላትን የኤ4 ፒዲኤፍ በልኩ አትማው የታችኛው የገጽ ቁጥር ተቆርጧል። ፕሪንት ሲባል ከሚመጣው መስኮት ላይ «አክቹዋል ሳይዝ» የሚለውን ትታ «ፊት» የሚለውን ስትመርጥ ተስተካከለላት። አሜሪካ ዘመድ ላላችሁ ሁሉ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ትልቁ ነገር ግን የመጣው ከልጇ ነው። አስራ አራት ዓመቱ ነው፤ አማርኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ይማራል። ስልኩ ላይ ፒዲኤፉን ከፍቶ ስለ አያቱ ልጅነት ሊፈልግ ቃል ይጽፋል። የመጀመሪያው ደብተር ላይ ምንም አይገኝም። ኮፒ አድርጎ ሲለጥፈው ደግሞ አማርኛው ዶላርና ኮከብ ይሆናል። ስልክ ላይ ሲያስረዳኝ ወዲያው ገባኝ። ያ በ1994 ጽሕፈት ቤት የተጻፈው ክፍል ነው።

የድሮዎቹ ፎንቶች፣ ጌጠኛው የርዕስ ፎንቴም ጭምር፣ ጭምብል ነበሩ። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደል ነው፤ ፎንቱ በላዩ ላይ የግዕዝ ሥዕል ያለብሰዋል። ያውም አንድ ፎንት ከ256 የማይበልጥ ቦታ ስለነበረው፣ ከ300 በላይ የሆነው ፊደላችን አልበቃው እያለ በሁለትና በሦስት ፎንት ይከፋፈል ነበር። ለየአገሩ ፊደል የየራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ ዩኒኮድ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 እትም 3.0 ሲወጣ ነው «ሀ» የራሷን ቁጥር ያገኘችው። በዩኒኮድ የተጻፈ «ሀ» ፎንት ቢቀያየርም «ሀ» ነው። በድሮው የተጻፈ ግን ጭምብሉ ሲወልቅ ላቲን ነው። ፒዲኤፍ ጭምብሉን አብሮ ስለሚያሽግ ለዓይን ደህና ይመስላል፤ ወረቀት ላይም ደህና ነው። ሊፈልግ ወይም ሊገለብጥ ለሚሞክር ግን ባዶ ነው። ራሳችሁ ለማወቅ ከፒዲኤፉ አንድ መስመር ኮፒ አድርጉና ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከተለጠፈ ዩኒኮድ ነው።

ከድሮ ፎንት ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ የወንድሜ ልጅ አንዱን አምጥቶልኝ አብዛኛውን ቀየረው። ዲቃላ ፊደሎችን ግን ይስታል። «ሏ» እና «ቷ» ያሉባቸውን ቦታዎች ከአባባ ደብተር ጋር እያስተያየሁ ሁለት ሳምንት አረምኩ። የታተሙትን አልነካኋቸውም። ፒዲኤፉን ግን አዲስ አውጥቼ ላክሁ።

በነጋታው የእህቴ ልጅ እንደገና ደወለ። አባባ አጠገቤ ነበር። «እቴቴ፣ አሁንም አይሠራም። አያቴ ያስተማረበትን ሐይቅን ብጽፍ የለም ይላል» አለ። እንዴት እንደጻፈው ጠየቅኩት። በመጀመሪያው «ሀ» ነው የጻፈው። ኮምፒውተር ደግሞ «ሀይቅ» እና «ሐይቅ» አንድ መሆናቸውን አያውቅም።

አባባ ስልኩን ከእጄ ተቀበለ።

«በሐመሩ ሐ ነው የሚጻፈው! ሐመሩ ሐ! እዚያ የሚያስተምሩህ ምንድን ነው?»

ትንሽ ዝምታ ሆነ። ከዚያ ልጁ ከወዲያ ማዶ «ሃያ ሦስት ቦታ አለ!» ብሎ ጮኸ።